«ወረቀቱን በእኔ ጣለው» ላለ ሻጭ ቀብድ ከመላክዎ በፊት

ጥያቄ፦ ለዓመታት አኳሪየም ይዣለሁ። አሁን ስድስት ዜብራ ፕሌኮና አንድ ጥንድ የወንዝ ስቲንግሬይ የሚባሉ ዓሣዎች ከውጭ ላስመጣ ነው። ያው ሻጭ ሁለት የሕንድ ባለኮከብ ኤሊዎችም አሉት። «ሁሉም በእርባታ የተወለዱ ስለሆኑ የሳይተስ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ የጤና ሰርተፊኬቱን ደግሞ በእኔ ጣለው» ብሎኛል። ግማሹን ክፍያ በዚህ ሳምንት እንድልክ ይፈልጋል። ይህ ይበቃል? ኤርፖርት ላይ የሚመረመረውስ ምንድን ነው? ቢያዝብኝ ምን ይከተላል?

ምላሽ፦ ቀብዱን አሁን አይላኩ። ሻጩ ከነገረዎት ግማሹ ስህተት ነው። ሌላው ግማሽ እሱ ሊፈጽመው የማይችለው ቃል ነው። እንስሳ በእርባታ መወለዱ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ዓይነት ይቀይር ይሆናል እንጂ ፈቃዱን አያስቀረውም። የጤና ሰርተፊኬትም ሻጭ የሚጽፈው ወረቀት አይደለም። እኔ የምሠራው ሕያው እንስሳት ሲገቡ ሰነድ በሚታይበት ቦታ ነው። ደጋግሜ የማየው ችግር አንድ ነው። ሰው መጀመሪያ ይከፍላል፣ ቀጥሎ እንስሳው ይጫናል፣ ወረቀቱ የሚፈለገው ሳጥኑ ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ የሚስተካከል ነገር የለም።

«ይህን እንስሳ ማስገባት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል። ውስጡ ግን አራት ነው። ዝርያው እንዲነገድ ተፈቅዷል? በሽታ ይዞ ይመጣል? ቢያመልጥ የአገሩን ተፈጥሮ ይጎዳል? መንገዱን በሕይወት ይጨርሳል? አራቱን የሚመልሱት ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የአንዱ እሺታ ሌላውን አያስገድድም። የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ የፈቀደውን ዓሣ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል፣ በሕግም መብቱ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ አለው» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ «ከአራቱ የትኛው?» ብለው ይጠይቁት።

ከንግዱ ልጀምር። ሳይተስ የምንለው፣ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ180 በላይ አገሮች አባል ናቸው። ከ40,000 በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎችን በሦስት አባሪዎች ይዘረዝራል። አባሪ 1 ውስጥ ያሉት ለመጥፋት የተቃረቡ ናቸው፤ ከዱር የተያዙት ለንግድ ድንበር አይሻገሩም። አባሪ 2 ውስጥ ያሉት ንግዳቸው ቁጥጥር ካልተደረገበት ወደዚያው ሊሄዱ የሚችሉ ናቸው፤ በመላኪያ ፈቃድ ይነገዳሉ። አባሪ 3 አንድ አገር የራሱን ዝርያ ሌሎች እንዲጠብቁለት ያስመዘገበበት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ዝርዝር ልምጣ። ሦስቱ እንስሳት ሦስት የተለያየ ታሪክ አላቸው።

ዜብራ ፕሌኮ በብራዚል ሺንጉ ወንዝ ብቻ የሚገኝ የአምባዛ ዘመድ ነው። የዓለም አኳሪየም ወዳጅ ሁሉ ስለሚፈልገው ብዙ ተዘርፏል። በወንዙ ላይ የተሠራው የቤሎ ሞንቴ ግድብም መኖሪያውን ነክቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓናማ ላይ በተደረገው የሳይተስ ጉባኤ አባሪ 2 ውስጥ ገባ። ከወንዝ ተይዞ ለንግድ ለሚላከው የተቀመጠው ኮታ ደግሞ ዜሮ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ዓሣ በአኳሪየም ውስጥ በደንብ ይራባል። በሕጋዊ መንገድ የተራባ ዜብራ ፕሌኮ አለ። ግን «በእርባታ የተወለደ» መሆኑን የሚያረጋግጠው የላኪው አገር የሳይተስ ባለሥልጣን በመላኪያ ፈቃዱ ላይ ነው። የሻጩ ቃል ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ስቲንግሬዩ ላይ መልሴ «የትኛው ዝርያ?» የሚል ነው። በጥያቄዎ የጻፉት የወል ስም ነው፤ ሕጉ የሚያውቀው ሳይንሳዊ ስሙን ብቻ ነው። ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ፖታሞትሪገን ሊዮፖልዲ እ.ኤ.አ. በ2022 አባሪ 2 ውስጥ ከገቡት አንዱ ነው። ብዙ የሚሸጠው ፖታሞትሪገን ሞቶሮ ደግሞ በኮሎምቢያ አማካይነት አባሪ 3 ላይ ሰፍሯል። አባሪ 3 ላይ ላለ ዝርያ፣ ካስመዘገበው አገር ሲወጣ የመላኪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ከሌላ አገር ሲመጣ የትውልድ ቦታ ሰርተፊኬት ይጠየቃል። አንድ ተጨማሪ ወጥመድም አለ። ከእርባታ የሚወጡ ስቲንግሬዮች ብዙዎቹ ድቅል ናቸው። ሻጮች «ድቅል ስለሆነ ሕጉ አይነካውም» ይላሉ። ሐሰት ነው። በቅርብ ትውልዱ የአባሪ 1 ወይም 2 ዝርያ ያለበት ድቅል እንስሳ እንደ ሙሉ ዝርያው ይቆጠራል። «ቅርብ ትውልድ» የሚባለው በአጠቃላይ ወደ ኋላ አራት ትውልድ ድረስ ነው።

ኤሊዎቹ ከሁሉም ከባድ ናቸው። የሕንድ ባለኮከብ ኤሊ በኮንትሮባንድ ክፉኛ ከተጎዱት የኤሊ ዝርያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአባሪ 2 ወደ አባሪ 1 ከፍ ተደረገ። በአባሪ 1 ሥርዓት መጀመሪያ የሚወጣው የሚያስገባው አገር የማስገቢያ ፈቃድ ነው፤ የላኪው አገር ፈቃድ የሚሰጠው ያንን አይቶ ነው። ልዩ መንገድ አለ፦ ለንግድ የሚያራባው ድርጅት በሳይተስ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ከሆነ፣ እንስሳቱ እንደ አባሪ 2 ይታያሉ። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሻጩ የምዝገባ ቁጥር ካለው በአንድ መስመር ይልክልዎታል። ከሌለው ኤሊዎቹን እርስዎ ይተዉአቸው። በዚህ ላይ መለሳለስ አልፈልግም። «በቤት የተወለዱ» ተብለው ከሚሸጡ ኤሊዎች መካከል ከሜዳ ተለቅመው የመጡ አሉ፤ ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊለያቸው አይችልም።

ፈቃዱ ሲመጣ ዓይንዎ መጀመሪያ ማረፍ ያለበት የምንጭ ምልክቱ ላይ ነው። አንድ የላቲን ፊደል ናት፣ ግን ሙሉ ታሪኩን ትናገራለች። ደብሊው ከዱር የተያዘ ማለት ነው። ሲ በስምምነቱ ትርጉም መሠረት በእርባታ የተገኘ ነው። ኤፍ በእርባታ ቦታ የተወለደ፣ ነገር ግን ያን ትርጉም የማያሟላ ነው፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከዱር የመጡ የመጀመሪያ ትውልድ። ዲ የአባሪ 1 ሆኖ ከተመዘገበ የንግድ እርባታ የወጣ ነው። ሻጩ «የእርባታ ናቸው» ብሎ ፈቃዱ ላይ ደብሊው ካዩ፣ አንዱ እየዋሸ ነው ማለት ነው።

የቀሩት ነገሮች ተራ ይመስላሉ፣ ጭነት የሚያስይዙት ግን እነሱ ናቸው። የመላኪያ ፈቃድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ ለ6 ወር ይሠራል። የአባሪ 1 ማስገቢያ ፈቃድ ለ12 ወር። አንድ ፈቃድ ለአንድ ጭነት ብቻ ነው። ድንበር ላይ የሚፈለገው ዋናው ነው፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ ወይም ስካን አይተካውም። ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ የሚለዋወጡ አገሮች ካልሆኑ በቀር። እንስሳው ሲወጣ የላኪው አገር መርማሪ በትክክል የተላከውን ብዛት ጽፎ ማኅተም ያደርጋል። ያ ቦታ ባዶ ከሆነ ፈቃዱ ጎዶሎ ነው። ወረቀቱ ስድስት ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ስምንት ዓሣ ከተገኘ፣ ሁለቱ ሕገወጥ ናቸው። ሻጩ «ሁለት ምርቃት ጨመርኩልህ» ቢልም ነገሩ ያው ነው። ፈቃድ ደግሞ እንስሳው ከተነሣ በኋላ ወደ ኋላ ቀን ተቆጥሮ አይሰጥም። በጣም ጠባብ የሆኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ በእነሱ ተማምኖ ግን ማንም ጭነት ማስነሣት የለበትም።

ሳይተስ ዝቅተኛው መስፈርት መሆኑንም አይርሱ። አባል አገር ከዚያ የጠበቀ ሕግ ማውጣት ይችላል። የእስያ አሮዋና የሚባለው ዘንዶ መሰል ዓሣ ጥሩ ምሳሌ ነው። አባሪ 1 ላይ ያለ ቢሆንም በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተመዘገቡ እርባታዎች በሕጋዊ መንገድ ይሸጡታል፤ እያንዳንዱ ዓሣ ማይክሮቺፕ (ሰውነቱ ውስጥ የሚቀበር መለያ) እና ሰርተፊኬት አለው። አሜሪካ ግን በራሷ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ዝርያዎች ሕግ ምክንያት ለቤት አኳሪየም አታስገባውም። ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ ዓሣው ንጹህ ነው፣ በሩ ግን ዝግ ነው። በተቃራኒው ሳይተስ ጨርሶ የማያውቀው ዓሣም ሊከለከል ይችላል። በዘረመል ለውጥ የሚያበራው ትንሹ ዜብራ ዓሣ አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ ይሸጣል፤ በአውሮፓ ኅብረት ማስገባትም መሸጥም አይቻልም።

ሁለተኛው ጤና ነው። ሰዎች የሚንቁት ይህንን ነው፣ እኔን ግን በጣም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬት የሚፈርመው የላኪው አገር የመንግሥት ሐኪም፣ ወይም መንግሥት ውክልና የሰጠው ሐኪም ነው። ጽሑፉን የሚወስነው ደግሞ አስገቢው አገር ነው። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሚሆነው፦ መጀመሪያ እርስዎ ከአገርዎ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እሱ ላይ ቅድመ ሁኔታዎቹ ይዘረዘራሉ። ምን ዓይነት ምርመራ፣ ስንት ቀን ለይቶ ማቆየት፣ ከየትኛው በሽታ ነጻ መሆን። ያንን ለሻጩ ይልካሉ፣ እሱ በአገሩ ሐኪም ያስፈጽማል። ሻጩ ከመሳቢያው አውጥቶ የሚልከው «ዓለም አቀፍ የጤና ሰርተፊኬት» ላይ የአገርዎ ቅድመ ሁኔታ የለበትም።

ለዓሣ መነሻው የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚያወጣው የውኃ እንስሳት ደንብ ነው። ኮይና ካርፕ የሚባሉትን ዓሣዎች የሚያስመጡ ሰዎች የኮይ ሄርፒስ ቫይረስንና የካርፕ የጸደይ ቫይረስን ያውቋቸዋል፤ ሁለቱም እርባታ ባዶ የሚያስቀሩ ናቸው። እነዚህ በሽታዎች ሰው አይነኩም። ግን በከረጢት ውኃ ውስጥ ተጉዘው የሌላ አገር ዓሣ አርቢን ሊያከስሩ ይችላሉ። ስለዚህ ነው አንዳንድ አገር የመጓጓዣው ውኃ ራሱ በክሎሪን ሳይታከም እንዳይደፋ የሚያዘው።

ከውኃ ውጪ ያሉት እንስሳት ደግሞ ሰው ላይ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከጋና ወደ ቴክሳስ በገባ የትናንሽ አጥቢ እንስሳት ጭነት ውስጥ የጦጣ ፈንጣጣ የያዛቸው የአፍሪካ አይጦች ነበሩ። በሻጭ ቤት አጠገባቸው የተቀመጡ፣ ፕሬሪ ዶግ የሚባሉ የአሜሪካ አይጥ መሰል እንስሳት ተያዙ። እነሱ ለቤት እንስሳነት ተሸጡ። በስድስት ግዛቶች 47 ሰዎች ታመሙ። በሽታው ከአፍሪካ ውጪ በሰው ላይ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካ የአፍሪካ አይጦችን ማስገባት ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በለይቶ ማቆያ ባሉ ከውጭ የመጡ ወፎች ላይ ኤች5ኤን1 የወፍ ጉንፋን ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ከዱር የተያዙ ወፎችን ማስገባት አገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እገዳው ቋሚ ሆነ። ኤሊም ቢሆን ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይይዛል፤ ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለይቶ ማቆያ የቢሮክራሲ ጣጣ የሚመስለው ሰው ካለ እነዚህን ያስብ።

ሦስተኛው የወራሪ ዝርያ ጉዳይ ነው። አጭር ነው፣ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ላየንፊሽ የሚባለው ዓሣ ከፓስፊክና ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በአትላንቲክና በካሪቢያን የባሕር ሕይወትን አበላሽቷል። በፍሎሪዳ ረግረግ ዛሬ የሚርመሰመሱት የበርማ ዘንዶዎች መነሻቸው የቤት እንስሳት ንግድ ነው። አገሮች ለዚህ ሁለት ዓይነት ዝርዝር አላቸው። አንዳንዶቹ የተከለከለውን ይዘረዝራሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ቀይ ጆሮውን የውኃ ኤሊ እንዲህ ነው ያገደው። እንደ አውስትራሊያ ያሉት ደግሞ የተፈቀደውን ብቻ ይዘረዝራሉ፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሁሉ አይገባም። የእርስዎ አገር የትኛውን እንደሚከተል መጀመሪያ ይጠይቁ፤ «አልተከለከለም» የሚለው መልስ በሁለተኛው ዓይነት አገር ዋጋ የለውም። ስቲንግሬይ ጭራው ላይ መርዛማ እሾህ ስላለው፣ አደገኛ እንስሳ ለመያዝ የተለየ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታም ሊኖር ይችላል። ይህ ፈቃድ በከተማ ወይም በክልል ደረጃ የሚሰጥበት አገር አለ።

አሁን ኤርፖርት። ሕያው እንስሳ በሁሉም በር አይገባም፤ የተመደቡ መግቢያዎች አሉ። በብዙ አገር ከመድረሱ በፊት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እርከን አለው። መጀመሪያ ሰነድ፦ ፈቃዱ፣ የጤና ሰርተፊኬቱ፣ ኢንቮይሱና የአየር ጭነት ሰነዱ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ወይ? ሳይንሳዊ ስሙ በአንዱ ላይ ሊዮፖልዲ በሌላው ላይ ሞቶሮ ከሆነ እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ ማንነት፦ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀቱ የሚለው ነው? ማይክሮቺፕ ካለ ይነበባል። መጨረሻ አካላዊ ምርመራ፦ ብዛት፣ የሞተ፣ ቁስል፣ የበሽታ ምልክት፣ ያልተመዘገበ ጓደኛ። ከዓሣ ጋር ቀንድ አውጣ ወይም የውኃ ተክል ተደብቆ ሲመጣ እሱም ጥያቄ ያስነሣል።

ጥሩ መርማሪ የዓሣ ከረጢት ዝም ብሎ አይከፍትም። ምክንያት አለው። ዓሣው በጉዞ ላይ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ይወርዳል። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያም ይጠራቀማል፣ ግን ፒኤቹ ዝቅ እስካለ ድረስ አብዛኛው መርዛማ ባልሆነው መልኩ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒያው በደቂቃዎች ወደ መርዝ ይለወጣል። ስለዚህ ከረጢቱ ግልጽ ሆኖ ስያሜው በግልጽ የተጻፈበት ከሆነ በባትሪ ብርሃን ከውጭ አይቶ መቁጠር ይቻላል። እርስዎም ቤት ሲደርሱ ይህንኑ ያስቡ፦ ረጅም መንገድ የመጣን ዓሣ ከረጢቱን ከፍቶ ለረጅም ሰዓት የአኳሪየሙን ውኃ እያንጠባጠቡ ማላመድ ሊጎዳው ይችላል።

አራተኛው መንገዱ ነው፤ አስተሻሸጉ ራሱ ሕግ ነው። የዓለም አየር ትራንስፖርት ማኅበር የሕያው እንስሳት ደንብ አለው፤ አየር መንገዶች ይከተሉታል፣ ሳይተስም በአየር ለሚሄዱ እንስሳት ይጠቅሰዋል። ለዓሣ የተለመደው ድርብ ከረጢት፣ አንድ ሦስተኛ ያህል ውኃ፣ የቀረው ኦክሲጅን፣ ዙሪያውን ሙቀት የሚይዝ የፎም ሳጥን ነው። የስቲንግሬይ እሾህ ከረጢቱን እንዳይበሳ በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈናል። በሻንጣ ወይም በፖስታ «ቀስ ብሎ ይገባል» የሚልዎትን ሰው ደግሞ ስልኩን ይዝጉበት።

ቢያዝ ምን ይሆናል ላሉት፣ በሕግ ፊት አስገቢው እርስዎ ነዎት። ሻጩ በሌላ አገር ተቀምጦ ገንዘቡን ወስዷል። እንደ ጥፋቱ ዓይነት ጭነቱ በእርስዎ ወጪ ይመለሳል፣ ወይም ይወረሳል፣ ወይም የበሽታ ሥጋት ካለ እንስሳቱ እንዲወገዱ ይታዘዛል። የሳይተስ ጥሰት በብዙ አገር ወንጀል ነው፤ መቀጮም እስርም አለው። «አላውቅም ነበር» ማለት ቅጣቱን ሊያቀልል ይችል ይሆናል፣ እንስሳውን ግን አያስመልስም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። በሰነድ ጭቅጭቅ መካከል ከረጢት ውስጥ ኦክሲጅን እያለቀበት የሚጠብቀው ያ ዓሣ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለሻጩ ገንዘብ ሳይሆን ደብዳቤ ይላኩ። የእያንዳንዱን እንስሳ ሳይንሳዊ ስም፣ የምንጭ ምልክቱን፣ የእርባታውን ስምና ለኤሊዎቹ የሳይተስ ምዝገባ ቁጥሩን፣ የመላኪያ ፈቃድ ያመለከተበትን ማስረጃ ይጠይቁ። በዚያው ቀን ለአገርዎ የሳይተስ ባለሥልጣንና ለእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ይጻፉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረ «ችግር የለውም» ድንበር ላይ አያገለግልም። የላኪው አገር ፈቃድ ሲወጣ ቅጂውን ለራስዎ ባለሥልጣን ያሳዩ፤ እውነተኛነቱን ከአቻው ጋር ማጣራት ይችላል። ሕያው እንስሳ አስገብቶ የሚያውቅ ትራንዚተር ይያዙ። ክፍያው የሚሄደው ሁሉም ፈቃዶች እጅዎ ከገቡ በኋላ ይሁን። ሐቀኛ አርቢ በዚህ አይከፋም፣ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ፣ ኤሊዎቹን ይተዉ። ስቲንግሬዩን ዝርያው እስኪታወቅ ያቆዩት። ለዜብራ ፕሌኮ ደግሞ ከድንበር ከመሻገር በፊት በአገርዎ ውስጥ የሚያራባ ሰው ይፈልጉ፤ ዋጋው ቢወደድም የወላጆቹን ሕጋዊ አመጣጥ የሚያሳይ ወረቀት ካለው ከብዙ ጣጣ ይድናሉ። በየትኛውም መንገድ ቢያገኟቸው ሰነዶቹን እንስሳቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ያስቀምጡ። ፕሌኮዎቹ ቢራቡልዎትና የተወለዱትን ለመሸጥ ቢያስቡ፣ ገዢውም መርማሪውም መጀመሪያ የሚጠይቁዎት የወላጆቹን ፈቃድ ቁጥር ነው።